ከመለካት በፊት ያለው ሥራ፦ የሙከራ ንድፍና የስታቲስቲክስ ዘዴ ለአዊ ውሃና አፈር ምርምር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ስሕተቱ ብዙ ሳይቆይ ይታያል። ምሰሶው ይሰነጠቃል፣ ወለሉ ይዘምማል፤ ጎርፍ የሚያወርደው ክረምት ፈራጅ ሆኖ ይመጣል። የአካባቢ ምሕንድስና ጥናት ግን እንዲህ ያለ ፈጣን ፈራጅ የለውም። ስለ ጉድጓድ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ እርከን ጥቅም ወይም ስለ ውሃ ማጣሪያ ብቃት የተሰጠ የተሳሳተ ድምዳሜ በሠንጠረዥና በሥዕላዊ መግለጫ አጊጦ፣ ማንም ሳይነካው ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ዕዳውን የሚከፍለውም ጥናቱን የጻፈው ባለሙያ ሳይሆን ውሃውን የሚጠጣው ሕፃንና በጥናቱ ምክር ጉልበቱን ያፈሰሰው ገበሬ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ የስታቲስቲክስ ቀመሮችን መዘርዘር አይደለም። ቀመሮቹ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ፤ ዛሬ ደግሞ ስሌቱን ኮምፒዩተር በቅጽበት ይሠራዋል። ለማሳየት የታሰበው አንድ ነገር ነው። የአንድ ጥናት ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው ናሙና ከመቀዳቱ አስቀድሞ ነው፤ ይኸውም ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር፣ የሚነጻጸረው አሃድ ምን እንደሆነና አሃዱ በምን ሥርዓት እንደሚመረጥ በሚታሰብበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የጎደለውን የትኛውም የስሌት ዘዴ በኋላ ሊሞላው አይችልም። ምሳሌዎቹ በተቻለ መጠን ከአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ በተለይም ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ፣ እንዲሁም ከጎረቤት የጎጃም ወረዳዎች የተወሰዱ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የአዊ ምድርና የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች

የሰባት ቤት አገው አገር የሆነው አዊ ውሃ የማይነፈገው ደጋና ወይና ደጋ ነው። በዳንግላ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ውሃው ክረምት በተፋሰሱ ሁሉ ሞልቶ በክልቲና በሌሎች ወንዞች ወደ ግልገል አባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይሄዳል። በጋ ሲገባ ግን ገበሬው የሚተማመነው በተፈረካከሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በቀረው ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው፤ ይህንንም በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ያወጣዋል። አፈሩ በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ይህን አፈር ትቶ አልሄደም፤ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ እየዘራ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየቆረጠ ለከሰል ያውለዋል።

እንግዲህ በዚህ አገር ለሚሠራ መሐንዲስ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ክዳን የተሠራለት ጉድጓድ ከክፍቱ ይልቅ ንጹሕ ውሃ ይሰጣልን? እርከኑ የሚሄደውን አፈር በእርግጥ ቀንሷልን? የዲከረንስ ደን ምንጭን ያደርቃል ወይስ አያደርቅም? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በመልካቸው አንድ ናቸው፤ ሁሉም «ይህ ባይደረግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ያልሆነውን ነገር ግን ማንም ሊለካው አይችልም። የሙከራ ንድፍ የሚባለው ሙያ ያልሆነውን ነገር በታማኝነት ሊወክል የሚችል ማነጻጸሪያ የማበጀት ጥበብ ነው።

2. የሙከራው አሃድ ምንድን ነው?

አንድ አጥኚ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊያጣራ ተነሣ እንበል። ለመኪና በሚመች ቦታ ሁለት ክዳን ያላቸውና ሁለት ክፍት ጉድጓዶችን መርጦ ከእያንዳንዱ 15 ጊዜ ውሃ ይቀዳል። በጠቅላላው 60 ናሙና ይሆናል፤ በዘገባውም ላይ «የናሙና ብዛት 60» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ የቲ-ፈተና ተሠርቶ ልዩነቱ ጎላ ያለ ነው ይባላል።

ስሕተቱ ከስሌቱ አይደለም። ክዳኑ የተሠራው ለናሙናው ሳይሆን ለጉድጓዱ ነው። ስለዚህ የሙከራው አሃድ ጉድጓዱ ነው፤ አሃዶቹም 60 ሳይሆኑ 4 ብቻ ናቸው። ከአንድ ጉድጓድ 15 ጊዜ መቅዳት ያንን አንድ ጉድጓድ በሚገባ ለማወቅ ይረዳል እንጂ ስለ ክዳን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ከሁለቱ ክፍት ጉድጓዶች አንዱ ከመጸዳጃ ቤት በታች የተቆፈረ ቢሆን ውጤቱ በሙሉ የመጸዳጃ ቤቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ስቱዋርት ሐርልበርት በ1984 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ይህን የመሰለውን አሠራር የሐሰት ድግግሞሽ ብሎ ሰይሞታል፤ ስያሜውም ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሆኗል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለስሌት ማሳያ ያህል ብቻ፣ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ያለው ልይይት 4፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከቀን ወደ ቀን ያለው ልይይት ደግሞ 1 ነው ይባል። የአማካዩን ልይይት ለማግኘት 4ቱ በጉድጓዶች ብዛት፣ 1ዱ በናሙናዎች ጠቅላላ ብዛት ይካፈላሉ፤ ከዚያም ይደመራሉ። አጥኚው በየወገኑ ካሉት ከ2 ጉድጓዶች 15 ጊዜ ቢቀዳ፣ 4 ለ2 ሲካፈል 2፣ 1 ለ30 ሲካፈል 0.03፣ ድምሩ 2.03 ይሆናል፤ የአማካዩ መደበኛ ስሕተትም 1.43 ነው። ያንኑ 30 ናሙና ከ15 ጉድጓዶች ሁለት ሁለት ጊዜ ቢቀዳ ግን፣ 4 ለ15 ሲካፈል 0.27፣ ከ0.03 ጋር ሲደመር 0.30 ይሆናል፤ መደበኛ ስሕተቱም ወደ 0.55 ይወርዳል። የላቦራቶሪው ወጪ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። የጨመረው የእግር መንገድና ጥቂት ቤንዚን ብቻ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው አገር ከዚህ የተሻለ የቁጠባ ምክር አይገኝም፦ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ከመቅዳት፣ ጥቂት ጊዜ ከብዙ ቦታ መቅዳት ይበልጣል።

3. ስለ ዕጣ

የሙከራ ንድፍ እንደ ሙያ የተወለደው በእርሻ መሬት ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮትሐምስቴድ የምርምር ጣቢያ በብሮድባልክ ማሳ ላይ ከ1843 ጀምሮ የስንዴ ሙከራ ሲካሄድ ቆይቷል። ሮናልድ ፊሸር በ1919 ወደዚያ ጣቢያ ሲገባ የተከማቸ የብዙ ዓመታት መዝገብ አገኘ። መዝገቡን ሲመረምር ግን ብዙ ቁጥር መኖሩ ብቻውን መልስ እንደማይሰጥ ተገነዘበ። በ1925ና በ1935 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍትም ድግግሞሽን፣ ዕጣንና ተመሳሳይ መደቦችን በአንድ ብሎክ ማሰባሰብን የሙከራ ምሰሶዎች አድርጎ አቆማቸው።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዕጣው ነው። ዕጣ ለምን እንደሚያስፈልግ በስኮትላንድ ላናርክሺር አውራጃ በ1930 የተደረገው የወተት ሙከራ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በዚያ ሙከራ 20,000 ያህል የትምህርት ቤት ልጆች ተካፍለው ግማሾቹ ለአራት ወራት ወተት ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ቀሩ። አመራረጡ አስቀድሞ በዕጣ ወይም በፊደል ተራ እንዲሆን ቢታሰብም፣ መምህራኑ ሚዛናዊ ያልመሰላቸውን ክፍል እንዲያስተካክሉ ተፈቀደላቸው። መምህራኑም ሰዎች ናቸውና፣ የከሳውን ልጅ ወደ ወተቱ ወገን ሳያስቡት አዘነበሉት። ከዚህም የተነሣ ማነጻጸሪያ የሆኑት ልጆች ከጅምሩ በክብደትም በቁመትም የሚበልጡ ሆነው ተገኙ። «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው፣ የቲ-ፈተናን በ1908 ያወጣው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያ ዊሊያም ጎሴት፣ በ1931 ሙከራውን ሲተች 50 ጥንድ መንታ ልጆች ቢገኙ ከ20,000ው የበለጠ አስተማማኝ ውጤት በጥቂት ወጪ ሊሰጡ እንደሚችሉ አመለከተ። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሙከራ ቦታ ሲያከፋፍል ሙከራውን ያፈርሰዋል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ዕጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በዕቁብ ላይ ዕጣ ሲወጣ ተበደልሁ የሚል የለም፤ ሁሉም ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል። ይህን ልማድ ለምርምር ማዋል ይቻላል። አንድ ፕሮጀክት ለ30 ጉድጓዶች ክዳን የሚሆን ሲሚንቶ ቢኖረው፣ ነገር ግን በዚህ ዓመት ሊሠራ የሚችለው 15ቱን ብቻ ቢሆን፣ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ዕጣ ወጥቶ 15ቱ ዘንድሮ፣ የቀሩት 15ቱ በሚመጣው ዓመት ይሠሩ። ማንም አይከለከልም፤ የሚለያየው ተራው ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው አንድ ዓመት ግን ከማናቸውም ተንኮልና አድልዎ የነጻ ሙከራ ይሆናል። ክዳን ያላቸውን ጉድጓዶች እንዲሁ ከሌላቸው ጋር ማነጻጸር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጉድጓዱን ቀድሞ የከደነው ገበሬ ምናልባት የተሻለ ሀብት ያለው፣ መጸዳጃ ቤቱንም ያራቀ፣ ባልዲውንም ለብቻው የሚያስቀምጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚለካው ክዳኑ ይሁን ባለቤቱ መለየት አይቻልም።

በዚህ ላይ አንድ ግዴታ አለ። በጥናቱ መካከል ጉድጓዱ በግልጽ የተበከለ ሆኖ የተገኘ ቤተሰብ ውጤቱን ማወቅ፣ ውሃውንም አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ እንዲጠጣ መመከር አለበት። የማነጻጸሪያው ወገን በዚህ ምክንያት ቢናጋ ይናጋ፤ ከሰው ጤና የሚበልጥ ሠንጠረዥ የለም። ብልህ ንድፍ ይህን አስቀድሞ አስቦ ተጨማሪ ጉድጓዶችን ይይዛል።

4. ዕጣ በማይቻልበት ጊዜ

ዕጣ የማይጣልባቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የዲከረንስን ጉዳይ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ አጥኚ ከዲከረንስ ሥር ያለውን አፈር አጠገቡ ካለው የጤፍ ማሳ አፈር ጋር ቢያነጻጽርና የዛፉ አፈር ይበልጥ ኮምጣጣ ሆኖ ቢያገኘው፣ ዛፉ አፈሩን አኮመጠጠው ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ነገር ግን ገበሬው ዛፉን የሚተክለው አፈሩ ደክሞ እህል አልሰጥ ባለው ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ኮምጣጣነቱ ከዛፉ በፊት የነበረ ከሆነ ጥፋቱ በዛፉ ላይ የተለጠፈው ያለ ፍርድ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዛፉ ተቆርጦ እንደገና እህል በተዘራበት ማሳ ላይ ምርቱ ቢጨምር፣ ያን ማሳ ለዚያ የመረጠው ገበሬ ምን አስቦ እንደመረጠው ሳይጠየቅ ምስጋናው ለዛፉ ብቻ ሊሰጥ አይገባም። ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ዛፍ የሚኖር በመሆኑ፣ የተሳሳተ ፍርድ በየትኛውም በኩል ቢሰጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። መፍትሔው ማሳው ከመተከሉ በፊት አፈሩን መለካት፣ ከዚያም ያንኑ ማሳ ከማይተከልበት ጎረቤቱ ጋር በየዓመቱ መከታተል ነው።

ይህ በፊትና በኋላ፣ በተነካውና ባልተነካው መካከል የሚደረግ ድርብ ንጽጽር ለአንድ ብቻ ለሆኑ ነገሮችም ያገለግላል። በእንጅባራ አቅራቢያ በአውራ ጎዳናው ዳር የሚገኘው ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ሁለተኛ ዘንገና የለም። በዙሪያው የሚደረግ ለውጥ ሐይቁን ነክቶት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የዘንገናን ውሃ ብቻ ከዓመት ዓመት ቢለካ፣ የዝናቡን መለዋወጥ ከሰው ሥራ ሊለይ አይችልም። በዚያው ዞን እንደ ዘንገና ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረውን ጥርባ ሐይቅን አብሮ ከለካ ግን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከለውጡ በፊትና በኋላ እንዴት እንደተቀየረ ማየት ይችላል። ሁለቱ ሐይቆች መመሳሰል የለባቸውም፤ የሚፈለገው ለዝናቡና ለፀሐዩ የሚሰጡት ምላሽ አብሮ የሚሄድ መሆኑ ነው። ከተማን አቋርጦ በሚያልፍ ጅረት ላይ ከከተማው በላይና በታች አንድ አንድ ናሙና መውሰድም በዚሁ ምክንያት በቂ አይደለም፤ ማናቸውም ጅረት ከተማ ባይኖርበትም ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ይለወጣልና።

ጥንድ አድርጎ መሞከር ያለውን ብርታት በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ የተደረገ የጓሮ መስኖ ሙከራ ያሳያል። በዚያ ሙከራ በገበሬዎች ጓሮ ላይ የተንጠባጣቢ መስኖ ተዘርግቶ፣ ሳይታረስና በገለባ ተሸፍኖ የሚለማው መደብ በተለመደው መንገድ ከሚቆፈረው መደብ ጋር ጎን ለጎን ተነጻጽሯል። የአንዱ ገበሬ ትጋት፣ የአንዱ ጓሮ አፈር፣ የአንዱ ጉድጓድ ውሃ ለሁለቱም ወገን እኩል ስለሚደርስ ንጽጽሩ የሚደረገው ከራሱ ጋር ነው። የስቱደንት የመንታ ልጆች ሐሳብ በአዊ ጓሮ ውስጥ ሲሠራ የሚታየው እንዲህ ነው።

5. ተፋሰስን ስለመሞከር

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በተፋሰስ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ያላት ሀብት ጥቂት አይደለም። ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች ጣቢያዎችን አቋቁሞ ዝናብን፣ ጎርፍንና የሚሄደውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። ከእነዚህ አንዱ በጎጃም የሚገኘው የአንጀኒ ጣቢያ ነው። አንጀኒ 113 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ትንሽ ተፋሰስ ሲሆን፣ ልኬቱ በ1984 ተጀምሮ በ1986 መሬቱ በፋኛ ጁ እርከን ተሠርቷል።

እነዚህ ሁለት ዓመታት ለመሐንዲሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። ከእርከኑ በፊት የተለካው ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ሁለት ክረምት የአንድን ተፋሰስ ጠባይ አያሳይም፤ አንዱ ዓመት ዝናቡ የበዛ፣ ሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላልና። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በዋገን ዊል ጋፕ ከ1910 እስከ 1926 በተደረገው ሙከራ ሁለት ጎረቤት ተፋሰሶች ምንም ሳይነኩ ለዓመታት ጎን ለጎን ተለክተዋል፤ በ1919 የአንዱ ደን ተቆርጦ ልኬቱ እስከ 1926 ቀጥሏል። ያ ረጅም የትዕግሥት ጊዜ ባይኖር፣ በኋላ የታየው ልዩነት የመቁረጡ ይሁን የዝናቡ ማንም አይለይም ነበር። የልማት ሥራ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ላይኖረው ይችላል፤ ገበሬው እየተራበ እርከን አይዘገይም። ነገር ግን ሁሉም ተፋሰስ በአንድ ዓመት ስለማይሠራ፣ ገና ያልደረሰውን ጎረቤት ተፋሰስ አብሮ መለካት ሁልጊዜ ይቻላል።

ሌላው ትምህርት ስለ ዝናቡ ነው። በአንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋው አንዲት ጥድና በወሎው ማይባር የተሰበሰበው መዝገብ በ2008 በወጣ ጥናት ሲመረመር፣ በእነዚህ ቦታዎች ወንዙን የሚያስሞላው የአንድ ቀን ዝናብ ኃይል ብቻ ሳይሆን ክረምቱ ከገባ ጀምሮ የተጠራቀመው ዝናብ መሆኑ ታይቷል። ከትነት የተረፈው ዝናብ ድምሩ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ መሬቱ ብዙውን ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሚተርፈው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ በሰኔ የወረደን ዝናብ በነሐሴ ከወረደው ጋር እኩል አድርጎ የሚያነጻጽር ሰው ሁለት የተለያዩ መሬቶችን እንደ አንድ ይቆጥራል። እርከኑ በሰኔ ጎርፍን አስቀረ ብሎ የሚደሰት መሐንዲስ፣ ያስቀረው እርከኑ ይሁን የተጠማው መሬት መጠየቅ አለበት። በንድፍ ቋንቋ ሲነገር ክረምቱ ራሱ በብሎክ መከፈል ይገባዋል፤ መጀመሪያው ከመጀመሪያው፣ መካከሉ ከመካከሉ ጋር ይነጻጸራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ልክ ነው። በትንሽ የሙከራ መደብ ላይ የተለካውን የአፈር መጠን በሄክታር አባዝቶ የተፋሰሱን ኪሣራ ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው። ከላይ የተነሣው አፈር ብዙው ከታች ባለው ወሰን፣ ሣርና ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይቀራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ መደቡ የማያየው ቦረቦር የራሱን አፈር ይጨምራል። መደቡ ስለ መደቡ ይመሰክራል፤ ስለ ተፋሰሱ የሚመሰክረው ወንዙ ነው።

6. ለኪው ማን ነው?

በዳንግላ ወረዳ በዚሁ በዳንገሽታ ቀበሌ በ2014 የተጀመረ ሥራ በዚህ ስብሰባ ሊወሳ ይገባዋል። ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ጋር በመተባበር የቀበሌው ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናብ መለኪያውን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶቹን ጥልቀት እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ በነዋሪ የተለካ ቁጥር ይታመናልን? መልሱም በግምት አልተሰጠም። የነዋሪዎቹ ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ከሚገኘው የዝናብ መረጃ ጋር ተነጻጽሮ፣ በ2016 በታተመው ጥናት ከመደበኛዎቹ የማያንስ ጥራት ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ለንድፍ ትልቅ ትርጉም አለው። ቀደም ሲል እንደታየው ጥናትን የሚያበረታው የቦታ ብዛት ነው፤ የቦታ ብዛት ደግሞ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በመኪና እየተመላለሱ የሚደረስበት አይደለም። በየጉድጓዱ ደጃፍ ያለ ታማኝ ለኪ ያን ብዛት ያስገኛል። ይሁን እንጂ ንድፉ ለለኪውም ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ልኬቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ጥቂቶቹን ጉድጓዶች ሌላ ሰው ሳያሳውቅ ደግሞ ይለካቸው፤ ያልተለካበት ቀን «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በዜሮ ወይም በትናንቱ ቁጥር አይሞላ። ዝናብ ያልዘነበበት ቀንና ለኪው ለቅሶ የሄደበት ቀን በመዝገብ ላይ አንድ መስለው መታየት የለባቸውም።

7. ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ

በመልካም የታቀደ ጥናት ትንተናው ቀላል ነው። ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ማንሣት ይበቃል።

አንደኛ፣ የረቂቅ ሕዋሳት ቆጠራ እንደ ቁመትና እንደ ክብደት አይከፋፈልም። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከአራት ጉድጓዶች 2፣ 4፣ 10ና 2,000 ቢቆጠር ተራ አማካዩ 504 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር አንዱንም ጉድጓድ አይመስልም። አራቱ ተባዝተው 160,000 ሲሆኑ፣ አራተኛ ሥራቸው ማለትም ጂኦሜትሪያዊ አማካዩ 20 ነው። ለንጽጽር ይህኛው ይሻላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ጨርሶ መገኘት እንደሌለበት ስለሚያዝ፣ ከአማካዩ ጋር የተበከሉት ጉድጓዶች ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆኑ መነገር አለበት።

ሁለተኛ፣ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። በዕጣ ከተመረጡ 30 ጉድጓዶች አንዱም ሳይበከል ቢገኝ፣ 3ን ለ30 በማካፈል እንደሚታየው፣ በቀበሌው ካሉት ጉድጓዶች እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት የተበከሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ በ95 በመቶ የእምነት ደረጃ መቀበል ግድ ነው። መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በታች የሆነ ኬሚካልም ዜሮ ተብሎ አይጻፍ፤ «ከዚህ ያነሰ» ተብሎ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ነገሮች አብረው የሚሠሩ ሲሆኑ አንድ በአንድ መሞከር ያሳስታል። በክረምት የደፈረሰ ወንዝ በአሉም ሲጣራ የአሉሙ መጠንና የውሃው ፒኤች ተያያዥ ናቸው፤ አሉሙ ራሱ ሲጨመር ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል። መጠኑን ብቻ፣ ከዚያ ፒኤቹን ብቻ የሚለዋውጥ ሰው የተሻለውን ጥምረት ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ሁለት መጠኖችን ከሁለት ፒኤቾች ጋር አጣምሮ በአራት ብርጭቆ መሞከር፣ ያንንም በልዩ ልዩ ቀን በተቀዳ ውሃ መደጋገም ግን በዚያው ድካም የሁለቱንም ሥራና መተባበራቸውን ያሳያል።

አራተኛ፣ 0.05 የምትባለው ወሰን እንደ ሕግ ጽላት መታየት የለባትም። የምትናገረው፣ ሥራው ምንም ፋይዳ ባይኖረው ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። በአንድ ጥናት 20 የማይዛመዱ ጠባዮች ቢፈተኑና አንዱም እውነተኛ ልዩነት ባይኖረው እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ «ጎላ ያለ» ሆኖ የመታየት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አስቀድሞ ይጻፍ፤ በዘገባውም የልዩነቱ መጠንና የእርግጠኝነቱ ዳርቻ ይገለጽ። ገበሬው የሚፈልገው እርከኑ ስንት ቶን አፈር እንዳስቀረ ማወቅ ነውና።

8. መደምደሚያ

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ሊጠቃለል ይችላል፤ ያ ገጽም ከማናቸውም ጥናት በፊት ቢጻፍ ብዙ ድካም ያድናል። ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ጥናቱ የሚመልሰው አንድ ዋና ጥያቄ ምንድን ነው? ውጤቱስ የማንን ውሳኔ ይለውጣል?
ለ) የሙከራው አሃድ ናሙናው ነው፣ ጉድጓዱ ነው፣ ማሳው ነው ወይስ ተፋሰሱ? ስንት አሃዶችስ አሉ?
ሐ) ማነጻጸሪያው ምንድን ነው? የተመረጠውስ በዕጣ ነው? ካልሆነ ከሥራው በፊት የነበረው ሁኔታ ተለክቷልን?
መ) የክረምቱ መግቢያ፣ መካከሉና መውጫው እንዲሁም በጋው በልኬቱ ውስጥ ተወክለዋልን?
ሠ) ለኪው ማን ነው? ልኬቱስ በምን ይመረመራል?
ረ) ውጤቱ ጉድጓዱን፣ ማሳውን ወይም ጉልበቱን ለሰጠው ሰው እንዴት ይነገረዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከስታቲስቲክስ ውጭ ይመስላል፤ ነገር ግን የስታቲስቲክስ መሠረቱ እርሱ ነው። በአማራ ክልል ገጠሮች በየዓመቱ በበጋ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል። ያ ጉልበት በገንዘብ ቢተመን የየትኛውም ፕሮጀክት በጀት አይችለውም። ይህን ሕዝብ «እዚህ ሥራ፣ እንዲህ ሥራ» ብሎ የሚመክር መሐንዲስ ምክሩ በአራት ጉድጓድና በሁለት ክረምት ላይ የቆመ መሆን አለመሆኑን የማወቅ ዕዳ አለበት። ጥሩ ንድፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከመለካት በፊት ቆም ብሎ ማሰብን፣ የቀበሌውን የጉድጓድ ዝርዝር፣ ዕጣ የሚወጣበት አንድ ቆብና በእግር ትንሽ ራቅ ብሎ መሄድን ነው። ይህን ለማድረግ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሚያግድ ነገር የለም።